ከጨንቻ ጋራ አምስት ድምፅ

አምስት ድምፅ! አንዱ ሰው ዜማውን ይወረውራል። ሁለተኛው ተቀብሎ ከፍ ያደርገዋል። ሦስተኛው የራሱን መንገድ ይዞ በመሃላቸው ያልፋል። አራተኛው ከሁሉም በላይ ወጥቶ በቀጭኑ ያስተጋባል። ከሥር ደግሞ የቀረው ወንድ ሁሉ አንዲት አጭር ሐረግ እየደጋገመ መሬቱን ይዞላቸዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ያዜማሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ይላል፤ አንዱም ከሌላው አይጋጭም። ይህን የሰማሁት ዶርዜ ላይ፣ ከአርባ ምንጭ ሽቅብ በሚወጣው የጨንቻ መንገድ፣ በተቀዳ የቆየ ሸክላ ላይ ነው። ከሰማሁት ወዲህ ጆሮዬ ሌላ ነገር አልቀበልም ብሏል።

ዝም ማለትም አቅቶኛል። አርባ ምንጭ ሲቀላ ገበያ የማገኘውን ወዳጅ፣ ወደ ሴቻ ስንወጣ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው፣ ማኪያቶ የምታቀርብልኝን ልጅ ሳይቀር የጆሮ ማዳመጫዬን አንዱን ጫፍ እየሰጠሁ «እባክሽ ይህን ስሚ፣ እባክህ ይህን ስማ» እላለሁ። ፊታቸውን ማየት ነው! መጀመሪያ ግንባራቸው ይቋጠራል፤ የትኛውን ድምፅ መከተል እንዳለባቸው ይጠፋቸዋል። ጥቂት ቆይቶ አንዱን ይይዛሉ። ከዚያ ሌላውን። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ሳቅ ይመጣል። አንድ የጋሞ አዛውንት ገና ሲጀምር ራሳቸውን እየነቀነቁ «ይኼማ የኛው ነው» አሉኝ። አዎን አባቴ፣ የእናንተው ነው! እኔንም መንገድ ላይ ሰው እያስቆመ የሚያስጮኸኝ ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በርናር ሎርታ ዣኮብ የሚባል ፈረንሳዊ የሙዚቃ ተመራማሪ በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ዶርዜ መጥቶ ሲቀዳ ሰነበተ። የቀዳውም እ.ኤ.አ. በ1977 በሸክላ ታተመ፤ ሸክላው የፈረንሳይ ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ማዕከልና በፓሪስ ያለው የሰው ልጅ ሙዚየም በጋራ ያወጡት ከነበረው ተከታታይ ሥራ አንዱ ነው። ርዕሱ በአጭሩ የዶርዜ ፖሊፎኒዎች ይላል፤ የብዙ ድምፆች ኅብረት ማለት ነው። የሙዚየሙ የድምፅ ማኅደር ብዙ ክፍሉ ዛሬ በኢንተርኔት ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ አርባ ምንጭ ተቀምጦ በስልክ መስማት ይቻላል። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ዜማው ግን መጀመሪያ ፓሪስ ደርሶ፣ አንድ ትውልድ እዚያ አድሮ፣ ከዚያ ተመልሶ ነው እኔ ጆሮ የገባው። ቢሆንም መጥቷል!

ዶርዜን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ሁሉም ግን በዓይኑ ነው የሚያውቃት። እንደ ዝሆን ፊት አፍንጫ ያወጣውን የቀርከሃ ቤት፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ጥለት ያለውን ዱንጉዛ፣ የሸማኔውን እጅ፣ ቆጮውን። የቀርከሃው ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው ከነጣሪያው ተነሥቶ ሌላ ቦታ እንደሚተከልም ጎብኚ ሁሉ ይነገረዋል። የውጭ አገር የሥነ ሰብዕ ተማሪዎች ደግሞ ዶርዜን የሚያውቋት በነብር ነው፤ ዳን ስፐርበር እዚያ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ለዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን እንደሆነ፣ ረቡዕና ዓርብም እንደሚጾም፣ እነርሱ ግን በጾም ቀንም ከብታቸውን ከመጠበቅ እንደማይቦዝኑ ጽፏል። ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። ግን በስንት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ነብሩ ሲከራከሩ የኖሩት ምሁራን በዚያው ሰፈር በበዓል ቀን የሚዘፈነውን ቢሰሙ ኖሮ፣ ነብሩን ትተው በሙዚቃው ይከራከሩ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የበዓሉ ዘፈን ኤዶ ይባላል። ድግስ ሲኖር፣ ሰው ሲሰበሰብ፣ ወንዶቹ በኅብረት የሚያዜሙት ነው። ጥቂት ብቸኛ ድምፆችና አንድ ትልቅ ተቀባይ ጉባኤ አሉት፤ ክፍሎቹ እስከ አምስት ይደርሳሉ። አሁን ይህን አምስት የሚል ቁጥር አትለፉት፤ ያዙልኝ።

ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ የአውሮፓ የብዙ ድምፅ ሙዚቃ የመጨረሻው ጫፍ ነው ቢባል የሚቃወም የለም። ለቁልፍ ሰሌዳ መሣሪያ በጻፋቸው በሁለቱ ታላላቅ መጻሕፍቱ ውስጥ 48 ፊውጎች አሉ። ፊውግ ማለት አንድ ዜማ ይጀምርና ሌሎቹ ድምፆች ያንኑ እየያዙ እርስ በርስ እየተሳደዱ የሚገቡበት አሠራር ነው። ከ48ቱ አብዛኞቹ ባለሦስትና ባለአራት ድምፅ ናቸው። ባለአምስት ድምፅ ስንት ናቸው? ሁለት! ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1722 በተጠናቀቀው በመጀመሪያው መጽሐፍ ውስጥ ናቸው፤ በሁለተኛው አንድም የለም። ባኽ ያውም! አምስት ድምፅ ማለት ይህን ያህል ከባድ ነገር ነው። አምስት ገለልተኛ መንገዶች በአንድ ጊዜ ሲሄዱ ሰሚው እንዳይደናገር፣ አንዱ ሌላውን እንዳይውጥ፣ በየቅጽበቱ ሲገናኙም ጣዕም እንዲኖራቸው ማድረግ ራስ ያዞራል።

አሠራራቸው ግን አንድ አይደለም፤ እኔን ከመቀመጫዬ ያስነሣኝም ይህ ልዩነት ነው። ባኽ አምስቱን ድምፅ በአንድ ጭንቅላት አስቦ ወረቀት ላይ አሰፈረ። ፒያኖ ተጫዋቹም አምስቱን በአንድ ጭንቅላት፣ በአሥር ጣት ይጫወታል። ዶርዜ ላይ አምስቱ ድምፅ አምስት ቦታ ነው የሚታሰበው። ማንም ሙሉውን ይዞ የተቀመጠ የለም። ብቸኞቹ ዘፋኞች የየራሳቸውን ድርሻ ያውቃሉ፤ የት መግባት እንደሚፈቀድ፣ የት ማረፍ እንደሚገባ፣ ምን ያህል ማስጌጥ እንደሚቻል ያውቃሉ፤ የቀረውን እዚያው፣ ጎረቤታቸው ከሚያወጣው ድምፅ ጋር እያስማሙ ይሠሩታል። ሙሉው ሙዚቃ የሚኖረው አየሩ ላይ ብቻ ነው። እስቲ አስቡት! እያንዳንዱ ሰው ሙሉ አፉን ከፍቶ እየዘፈነ በዚያው ቅጽበት አራት ሌሎች ድምፆችን መስማት አለበት። ስትዘፍኑ የሌላውን መስማት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የመዘምራን ቡድን ውስጥ የገባ ያውቀዋል። ወጣት መዘምራን ሁለተኛ ድምፅ ሲለማመዱ ጆሯቸውን በጣት ይደፍናሉ፤ የሌላው ድምፅ እንዳይወስዳቸው። ኤዶ ላይ ጆሮ የሚደፍን የለም።

ይህ ሲገባኝ ትዝ ያለኝ ዶርዜን ጨምሮ የጋሞ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አደባባይ፣ ዱቡሻ ነው። የጋሞ ሽማግሌዎች ዱቡሻ ላይ ሲሰበሰቡ በምርቃት ይጀመራል፤ ከዚያ አንዱ ሲናገር ሌላው ይሰማል፤ ተራ ይጠበቃል። በ2011 ዓ.ም. መባቻ ላይ አርባ ምንጭ ውስጥ በቁጣ የወጣውን ወጣት ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው ሲመልሱት መላው አገር አይቷል። ንግግር ላይ ይህን ያህል የአንድ ሰው ድምፅ የሚከበርበት ሕዝብ፣ ዘፈን ላይ ሲደርስ ሁሉንም ድምፅ በአንድ ጊዜ ይለቃል! በዱቡሻ ማንም በማንም ላይ አይናገርም፤ በኤዶ ሁሉም በሁሉም ላይ ይዘፍናል፤ ሁለቱ ቦታ የሚጠየቀው ችሎታ ግን አንድ ነው፣ መስማት። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የጋሞ ሊቃውንት ይፍረዱኝ፤ ሸክላውን በሰማሁ ቁጥር ግን ይበልጥ እየጸናብኝ ሄዷል።

በትምህርት ቤትም በሬዲዮም ያደግነው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ነው እየተባልን ነው። አራቱ ቅኝቶች ክብራቸው ይድረሳቸው! የያሬድን ዜማ ሰምቶ ያላለቀሰ ልብ ያለው አይመስለኝም። ግን እነዚህ ሁሉ የአንድ መስመር ጥበብ ናቸው። መቶ ሊቃውንት ማኅሌት ላይ ቢቆሙ መቶውም አንድ ዜማ ነው የሚያወርዱት፤ ውበቱም እዚያው አንድነቱ ላይ ነው። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ምዕራብና ደቡብ ስትሻገሩ ደግሞ ሌላ የሙዚቃ አስተሳሰብ ይጠብቃችኋል። ጊዶሌ ላይ የዲራሼ ሰዎች ፊላ ሲጫወቱ እያንዳንዱ ሰው የያዘው የቀርከሃ ዋሽንት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው፤ ዜማው የሚወጣው ሁሉም በየተራው ጊዜውን ጠብቆ ሲነፋ ነው፤ አንዱ ከጎደለ ዜማው ጥርሱ ይወልቃል። ወደ ምዕራብ ርቃችሁ ብትሄዱ መዠንግሮች በአራት ድምፅ ያዜማሉ። አንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ፣ የአንድ መስመር ሊቅነትና የአምስት መስመር ሊቅነት! እንዲህ ያለ ሀብት ስንት አገር አለው?

አሁን ወደ ሬዲዮ ልምጣ፤ ምክንያቱም ይህ ግኝት እኔ ዘንድ የደረሰው በሬዲዮ ሰዎች ሥራ ፈለግ ነው፤ የእነርሱ ታሪክም ከዘፈኑ ባላነሰ ልቤን አሙቆታል።

ኦኮራ የሚባል የሸክላ ስም አለ፤ የፈረንሳይ የሕዝብ ሬዲዮ ንብረት ነው፣ እስከ ዛሬም በራዲዮ ፍራንስ ሥር አለ። ሥሩ ፒየር ሼፈር የተባለ ሰው ዘንድ ይደርሳል። ሼፈር የሬዲዮ መሐንዲስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የባቡር ድምፅ ቀድቶ ከእርሱ ሙዚቃ የሠራ፣ ከስቱዲዮ ውስጥ አዲስ ጥበብ ያወጣ ሰው ነው። ያው ሰው ለአፍሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ድጋፍ የሚሰጥ ተቋም መሠረተ። እዚያ ተቋም ውስጥ ሻርል ዱቬል የተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 የተወለደ፣ በፓሪስ ኮንሰርቫቷር ፒያኖና ሙዚቃ የተማረ ወጣት ገባ። ባኽንና ደቡሲን በጣቱ የሚያውቅ ልጅ ነው! መቅረፀ ድምፁን ይዞ አፍሪካ ወረደ፤ የሰማውንም የአውሮፓን ክላሲካል ሙዚቃ በሚያከብርበት በዚያው ክብር ቀዳው፤ በጥሩ ሸክላ፣ በጥሩ ፎቶግራፍ፣ በሙሉ ማብራሪያ አሳተመው። ከላዩ ላይ አልተናገረበትም። የኮንሰርት አዳራሽ ሙዚቃ የሚገባውን ሁሉ ለመንደር ሙዚቃ ሰጠው። አንድ ሰው በሕዝብ ሬዲዮ ደመወዝ ይህን ሠርቶ ሊያልፍ ይችላል!

ከኦኮራ ሸክላዎች አንዱ የእኛ ነው፤ ኢትዮጵያ ይላል፣ ፖሊፎኒዎችና የድምፅ አወጣጥ ጥበቦች። ቀጂዋ ጂን ጄንኪንስ ናት፤ አሜሪካ ተወልዳ ለንደን በሆርኒማን ሙዚየም የሙዚቃ መሣሪያዎችን ክፍል የመራች፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በእኛ አቆጣጠር ኢትዮጵያን ዞራ የቀዳች ሴት። ርዕሱን ልብ በሉልኝ። ስለ ኢትዮጵያ ሲነሣ በዓለም ፊት የመጀመሪያው ቃል «ፖሊፎኒ» ሆኖ የተጻፈበት ሸክላ ነው፤ እኛ ደግሞ በአገራችን ቋንቋ ነገሩን ለመጥራት እንኳ ገና ነን።

የሲምሃ አሮምን ታሪክም መተው አልችልም። እስራኤላዊ የሬዲዮ ኦርኬስትራ አባል ነበር፤ ፍሬንች ሆርን ነፊ። እ.ኤ.አ. በ1963 ባንጊ፣ መካከለኛው አፍሪካ፣ የማርሽ ባንድ እንዲያቋቁም ተላከ። እዚያ የጫካውን ሰዎች የብዙ ድምፅ ዝማሬ ሰማ። ማርሽ ባንዱም፣ ሆርኑም ቀረ! ቀሪ ዕድሜውን ያ ሙዚቃ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ሰጠ። ዘዴውም የሬዲዮ ሰው ዘዴ ነው። ሁሉም ተሰብስበው ሲዘፍኑ ይቀዳል፤ ከዚያ አንዱን ዘፋኝ ብቻውን አስቀምጦ በጆሮ ማዳመጫ ሙሉውን እያሰማ የእርሱን ክፍል ብቻ ይቀዳል፤ ያንን ለሁለተኛው ያሰማና የእርሱን ይቀዳል፤ እንዲህ እያለ ድምፆቹን አንድ በአንድ ይለያቸዋል። ዘፋኞቹን ከሙዚቃው ሳያወጣ ሙዚቃውን ፈታው። ሃንጋሪያዊው ታላቅ አቀናባሪ ጂዮርጂ ሊጌቲ በአሮም ሥራ ተደንቆ የራሱን የፒያኖ ሥራዎች የሚያስብበትን መንገድ ለውጧል። አሮም የተጠቀመበት ዘዴ ዛሬ በማንኛውም የአርባ ምንጭ ስቱዲዮ ባለ ኮምፒውተር ሊሠራ ይችላል፤ አንድ ማይክ፣ አንድ የጆሮ ማዳመጫ፣ ትዕግሥት።

ሎርታ ዣኮብ ራሱ ከዶርዜ በኋላ ወዴት እንደሄደ ስታውቁ ትገረማላችሁ። ሰርዲኒያ! በጣልያኗ ደሴት በካስቴልሳርዶ ከተማ አራት ወንዶች በስቅለት ሰሞን ተጠጋግተው ሲያዜሙ፣ ድምፃቸው በትክክል ሲገጥም፣ ከአራቱ ማንም ያላወጣው አምስተኛ ድምፅ ከላይ ይሰማል። ተአምር አይደለም፤ የአራቱ ድምፆች ረቂቅ ንዝረቶች አንድ ላይ ሲገጥሙ ጆሮ እንደ አንድ ተጨማሪ ድምፅ ይቀበላቸዋል። ከዚህ ሥራው በፊት ግን ሰውየው የአምስት ድምፅ ጆሮውን ዶርዜ ላይ ስሎት ነበር። የጨንቻ ጋራ ትምህርት ቤቱ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

እ.ኤ.አ. በ1977፣ የዶርዜው ሸክላ በታተመበት በዚያው ዓመት፣ ቮያጀር የተባሉት ሁለት መንኮራኩሮች የምድርን ሙዚቃ በወርቅ በተቀባ ሸክላ ይዘው ወደ ጠፈር ተላኩ። ባኽ እዚያ ሸክላ ላይ ሦስት ጊዜ አለ። ከአፍሪካ ከተካተቱት አንዱ ሻርል ዱቬል የቀዳው የከበሮ ሙዚቃ ነው። የመጀመሪያው ቮያጀር አሁን ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ እየሄደ ነው፤ የአንድ የሬዲዮ ሠራተኛ የሥራ ውጤት ከፀሐይ ጭፍሮች አልፎ ተጉዟል። ኤዶ እዚያ ሸክላ ላይ የለም። ባኽን ሦስት ጊዜ የመረጠ ጆሮ ዶርዜን ሰምቶ ቢሆን፣ አንዱን ባኽ አውርዶ ቦታውን ለዶርዜ ይሰጥ እንደነበር አልጠራጠርም!

እኛስ? ሬዲዮ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም፤ አቃቂ ላይ ከጣልያን ወረራ ዋዜማ ጀምሮ አለ። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ ብሥራተ ወንጌል የተባለው ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ለአፍሪካና ለእስያ ያሰራጭ ነበር። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ ኦርኬስትራና ዋሽንት፣ አውሮፓና አፍሪካ አንድ ጆሮ ውስጥ እንደሚገቡ በሥራቸው አሳይተዋል። የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ እ.ኤ.አ. በ2017 የቢቢሲ ሬዲዮ 4 ዝግጅት ስንት አዲስ ሰሚ ዘንድ እንዳደረሰው አይተናል። ሬዲዮ የሚችለውን እናውቃለን። ክላሲካል የሚባለው ሙዚቃ በአብዛኞቹ ጣቢያዎቻችን ዛሬ የያዘው ቦታ ግን የዜና መጠበቂያ ነው፤ ሰዓቱ እስኪሞላ የሚለቀቅ፣ አቅራቢው ሲደርስ መሃሉ ላይ የሚቆረጥ። የዶርዜ ዜማም በቴሌቪዥንና በመድረክ ሲቀርብ ኪቦርድና ድራም ይገባበትና አምስቱ ድምፅ አንድ ይሆናል፤ ዳንሱ ይቀራል፣ ልብሱ ይቀራል፣ ጥበቡ ይሄዳል።

አርባ ምንጭ ውስጥ የሕዝብ ኤፍ ኤም ጣቢያ አለ፤ በጋሞኛና በሌሎች የአካባቢው ቋንቋዎች ያሰራጫል። ኤፍ ኤም ለዚህ ሙዚቃ የተፈጠረ ነው፣ እመኑኝ! የድሮው መካከለኛ ሞገድ የድምፁን ቀጭን ጫፍ ይቆርጠዋል፤ ቀጭኑ ጫፍ ሲቆረጥ ከላይ የሚወጣው አራተኛው ድምፅ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቀላል፣ ሰሚው መለየት ያቅተዋል። ኤፍ ኤም ግን ቀጭኑንም ወፍራሙንም ያደርሳል፤ በስቴሪዮ ሲሆን ደግሞ ግራና ቀኝ ስለሚለይ፣ በክብ የቆሙት ዘፋኞች በጆሯችሁ ዙሪያ ይቆማሉ። ችግሩ የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጋራ ሲያጋጥመው መጋረዱ ነው። አርባ ምንጭ በ1,285 ሜትር ላይ ናት፤ ጨንቻ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ። ዘፈኑ ያለው ከላይ፣ ማሰራጫው ያለው ከታች። ለዚህ መሐንዲሶቹ መፍትሔ አላቸው፤ ማስተላለፊያ ይተክላሉ። እኔ የምለምነው ሰው ነው።

ሃያ ዓመት ቢሆነኝ፣ ጋሞኛ አፍ መፍቻዬ ቢሆን፣ ነገ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ እቆም ነበር! ምን ዓይነት ሕይወት እንደሆነ ልንገራችሁ። በሳምንት አንድ ሰዓት ይኖርሃል፤ ያችን ሰዓት ለመሙላት ሳምንቱን ሙሉ ትሰማለህ። ዲታ የሚዘፈነው ከጨንቻ በምን እንደሚለይ፣ ኦቾሎ ላይ ለሠርግ የሚወጣው ዜማ ለቅሶ ላይ ከሚወጣው በምን እንደሚለይ ሄደህ ትጠይቃለህ። የቀዳኸውን ሁሉ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የዘፋኞቹን ስምና ማን የትኛውን ድምፅ እንደያዘ ትጽፋለህ፤ የፓሪሱ ማኅደር ዋጋ ያለው ይህ ስለተጻፈለት ነው። ከዚያ ማይክ ፊት ትቀመጥና አራት ዓረፍተ ነገር ትናገራለህ፤ ሰሚው ምን እንደሚሰማ፣ የትኛውን ድምፅ አስቀድሞ ቢይዝ እንደሚሻል፣ ማን እንደሚዘፍን። አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ አፍህን ትዘጋለህ፣ ዘፈኑ ይሄዳል። ጨንቻ ያለ ሸማኔ መወርወሪያውን እየላከ ይሰማሃል። ሽሮ ሜዳ ያለ የጋሞ ልጅ በስልኩ ይሰማሃል። ዋሽንግተን ያለ ታክሲ ነጂ ይሰማሃል። ከዚህ የበለጠ ሥራ ካለ እስቲ ንገሩኝ!

የመጀመሪያውን ሰዓት እንኳ አሰናድቼዋለሁ፤ ለማንም በነፃ እሰጣለሁ። እ.ኤ.አ. በ1198 ገደማ ፓሪስ ኖትርዳም ውስጥ ፔሮታን ባዘጋጀው ባለአራት ድምፅ ዝማሬ ይጀመር፤ ረዥም የተያዘ ድምፅ ከሥር፣ ሦስት ድምፆች ከላይ ሲሯሯጡ። ቀጥሎ ያለ ምንም ንግግር ኤዶ ይግባ። ሰሚው የሁለቱን ዝምድና በራሱ ጆሮ ያገኘዋል፤ ስምንት መቶ ዓመትና አንድ ባሕር ቢለያያቸውም። ከዚያ የጊዶሌ ፊላ። ከዚያ ከባኽ 48 ፊውጎች ውስጥ ካሉት ከሁለቱ ባለአምስት ድምፅ አንዱ። በመጨረሻም ያው ኤዶ እንደገና፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፤ ሁለተኛ ሲሰማ ሰው የሚሰማው ሌላ ሙዚቃ ነውና። ለሁለተኛው ሳምንት ግን የፓሪስ ሸክላ አያስፈልገንም።

መስቀል ይመጣል። «ዮ ማስቃላ» እየተባለ ጋራው ሁሉ ይሞላል። ዘፋኞቹ አሉ፤ አምስቱን ድምፅ የያዙ አባቶች ዛሬም ሳር ላይ ተቀምጠው ወጣቱን «አንተ ይህን ያዝ፣ አንተ ያንን» እያሉ ነው። የጣቢያው መኪና አስፋልቱን ይዞ ይውጣ። ሁለት ማይክ ይበቃል፤ አንዱ ለተቀባዮቹ፣ አንዱ ለብቸኞቹ፤ ነፋስ ስላለ ማይኩን መሸፈን ያስፈልጋል። ሲጀምሩ መቅረፀ ድምፁን ክፈቱ፤ እነርሱ እስኪጨርሱ አትዝጉት፤ አንድ ሰዓት ቢፈጅ አንድ ሰዓት ቅዱ፣ የአየር ሰዓቱንም ለዚያው ስጡት።